የአባቴ ሸሚዝ ወደ ባሕር ወረደ

እናቴ የአባቴን ሸሚዝ ስትሰርቅ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እንደ እሷ ያለ ሥራ የማያውቅ ሌባ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ሸሚዙን ከማስጫው ገመድ ላይ አውርዳ፣ ጠቅልላ ሆዷ ሥር ሸጎጠችና ግራና ቀኟን ተገላመጠች። ወደ ላይ አላየችም። እኔ ዛፉ ላይ ነበርኩ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያኔ በደሴታችን ላይ እኔ ሳላውቀው የሚሆን ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ሸሚዙ ሰማያዊ መስመር ያለው፣ አባቴ ባሕር በወጣ ቁጥር የሚለብሰው፣ ጨው አንገትጌውን አንጥቶ የጨረሰው ነው። ዓመት ሙሉ ገላው ላይ አላረፈም። እናቴ ግን እንደ ተለበሰ ቆጥራ በየሳምንቱ ታጥበዋለች፣ ታሰጣዋለች፣ አጣጥፋ ታስቀምጠዋለች። ያን ሸሚዝ ነው እንግዲህ በጠራራ ፀሐይ ሆዷ ሥር ሸጉጣ የወጣችው።

ለማን እንደምትወስደው አውቃለሁ። ወይም የማውቅ መስሎኝ ነበር።

አባቴ ሴይቶኩ ይባላል። «የሴይቶኩ ሳንባ ከጀልባው ይሰፋል» ይሉት ነበር ዓሣ አጥማጆቹ። እስትንፋሱን ይዞ ከጠለቀ ጀልባ ላይ ያለው ሰው ትንባሆውን አጭሶ ጨርሶ፣ «ለሚስቱ ማን ይንገራት?» ብሎ ሲከራከር ነው ብቅ የሚለው። ወሬውም ከሳንባው ይሰፋል። አንድ ኦክቶፐስ ይዞ ከመጣ እስኪመሽ ሦስት ይሆናል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ክረምት ላይ ግን አንድ ቀን ያለ መጥለቂያ መነጽሩ፣ እጁ ተልጦ፣ ከንፈሩ ነጥቶ ገባ። «ከውጭው ሰርጥ ነው፤ ጥልቁ ጋ» አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረም። በረንዳውንም ለወጠ። ፊቱን ወደ ባሕር ሰጥቶ የሚቀመጠው ሰውዬ በጓሮ በኩል ወደ ፍየሎቹ በረት ዞሮ ተቀመጠ። ፍየሎቹም መጀመሪያ ተገርመው ነበር፤ በኋላ ለመዱት።

እኛ ዘንድ ሰው ክፉኛ ሲደነግጥ ነፍሱ እዚያው የደነገጠበት ትወድቃለች። አይሞትም። ይበላል፣ ይተኛል፣ ግን ባዶ ቤት ይሆናል። ያኔ አሮጊት ትጠራለች። የቤቱ ሰው ነፍሲቱ ከወደቀችበት ቦታ ሦስት ጠጠር ያነሣል፤ አሮጊቷ ጠጠሮቹን በደነገጠው ሰው ልብስ ጠቅልላ፣ በስሙ እየጠራች ወደ ቤት ትመልሳታለች። የእኔ ነፍስ በሰባት ዓመቴ አንድ አውራ ፍየል ትምህርት ቤት በር ላይ ሲያሳድደኝ ወድቃ እማማ ካማዶ በአንድ ከሰዓት መልሳልኛለች። ለአባቴም ተደርጎለታል። በጀልባ ውጭው ሰርጥ ድረስ ሄደው፣ ከዚያ ጥልቀት ጠጠር ማውጣት ስለማይቻል በባልዲ ውሃ ቀድተው፣ በአዲስ ካናቴራ ሸፍነው አመጡለት። አልሆነም። ስለዚህ በእኔ ቤት ጉዳዩ ተዘግቷል፤ አባቴ የፍየል ጠባቂ ሆኖ ቀርቷል። እናቴ ደግሞ፣ እኔ እንደገባኝ፣ ሌላ ሰው አግኝታለች።

ሰውየው ኩዋባራ ይባላል፤ ከኦሳካ የመጣ ነው። ፊቱ እንደ ተላጠ እንቁላል ነው። የእኛ ደሴት ወንድ ቅንድቡ ከሩቅ ሰላም ይላል፤ የኩዋባራን ቅንድብ ለማግኘት ግን ቀርቦ መፈለግ ያስፈልጋል። ቅንድብ የሌለው ሰው እንዴት ይታመናል? ሲናደድ በምን ይታወቃል? ይህ ሰው ኒታባማ ዳርቻ ላይ የቆርቆሮ ዳስ ሠርቶ ለከተማ ሰዎች ጥልቅ ዋና ያስተምራል። የአየር ሲሊንደር ጀርባቸው ላይ ያስራል፣ የላስቲክ ልብስ ያለብሳቸዋል፣ ከባሕሩ ሥር እንደ ድንጋይ የበቀለውን ኮራል አሳይቶ ያወጣቸዋል። ወደቡ ላይ ዓሣ አጥማጆቹ መሳለቂያ አድርገውት ነበር።

«ባሕር ገብቶ ዓሣ ሳይዙ መውጣት ምን ይባላል?» ይላል አንዱ።

«መታጠብ!» ይላሉ ሌሎቹ።

ቦታው ራሱ ለሣቅ ይመች ነበር። ኒታባማ የሚባለው ከኮራሉ አጥር ወዲህ ያለ ኩሬ መሰል ነገር ነው። ማዕበል እንኳን ይቅርታ ጠይቆ ነው የሚገባበት። እኛ ልጆች የተንቦጫረቅንበት፣ ዓሣ አጥማጆቹ «የሕፃናት ገንዳ» የሚሉት ነው። ከቶኪዮ የመጣች ጸሐፊ እንኳ አትሰጥምበትም።

ጥርጣሬዬ የተጀመረው በፎጣ ነው። አንድ ቀን ኩዋባራ በፊት በር ሳይሆን በጓሮ መጣ። አባቴ ተኝቶ ነበር። በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ለእናቴ ሰጣት። ከፎጣው ጫፍ ቀይ ክር ሾልኮ ታየኝ። ስጦታ በቀይ ክር እንደሚታሰር ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም። እናቴ ፎጣውን ገለጥ አድርጋ አየችና ወዲያው ደረቷ ላይ ለጠፈችው። አለቀሰች። ከዚያ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችው፤ እሱም ጎንበስ አለ። ሁለቱም ቀና ማለት ረስተው ቆዩ።

በማግስቱ እማማ ካማዶ መጣች። እማማ ካማዶ የሰፈራችን ነፍስ መላሽ ናት፤ ወገቧ ተጣጥፎ አገጯ ከጠረጴዛ ጋር እኩል ነው፤ ምላሷ ግን ቀጥ ብሎ የሚሄድ። እኔ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ስኳር ድንች እልጣለሁ። ማለት ቢላዋ ይዣለሁ።

«ቦታው እዚያ አልነበረም እኮ፣ እማማ» አለች እናቴ። «ዓመት ሙሉ በከንቱ ነው የለፋነው።»

«ታዲያ የት ነው?»

እናቴ ጆሮዋ ላይ አንሾካሾከች። ከዚያ እማማ ካማዶ ውሃ እንደ ፈላበት ጀበና ፍርፍር ብላ ሣቀች።

«እዚያ? ልጆቹ የሚሸኑበት?»

«በሞቴ እማማ! ሰው እንዳይሰማ። በተለይ እሱ እንዳያውቅ!»

«እሺ፣ እሺ። ማን ይወስድሻል ታዲያ? ለዓሣ አጥማጆቹ ብትነግሪ ነገ ወደቡ ላይ ዘፈን ይወጣለታል።»

«ኩዋባራ እወስድሻለሁ ብሎኛል። ግን አስቀድመሽ ልመጂ አለኝ፤ ትንሽ ቀን ይፈጃል።»

«አይ አንቺ፣ በዚህ ዕድሜሽ! ውሃ ስታዪ ጉልበትሽ የሚከዳሽ ሴትዮ!»

«ምን ላድርግ? እንዲህ ሆኜ መኖር አልቻልኩም።»

የስኳር ድንቹ ልጣጭ እጄ ላይ ደረቀ። እወስድሻለሁ። እሱ እንዳያውቅ። እንዲህ ሆኜ መኖር አልቻልኩም። ኦሳካ ምን ያህል እንደሚርቅ አላውቅም ነበር፤ ናሃ ከተማ ድረስ በመርከብ ከዚያ ደግሞ በሌላ መርከብ እንደሚኬድ ግን አውቃለሁ። ከጠረጴዛው ላይ የእናቴን ጎድጓዳ ሳህን አንሥቼ ከቤቱ ሥር ደበቅሁት። ያለ ሳህኗ አትሄድም ብዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን በሚገባ ያዝኩ። እናቴ በየጠዋቱ ዶማ ይዛ፣ «ስኳር ድንች ልነቅል ነው» ብላ ትወጣለች። ስትመለስ ዶማው ላይ አፈር የለም፤ አሸዋ አለ። ጸጉሯ በጠዋቱ ታጥቧል። ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል አጠገቧ ተኝቼ ክንዷን ቀስ ብዬ በምላሴ ነካሁት። ጨው ነው። ባሕር ፈርታ ሩዝ እንኳ ዳርቻ ላይ የማታጥብ ሴት ክንዷ ጨው ጨው ይላል።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ጥጃ ነሽ?» አለችኝ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ምንም።»

ቀጥሎ ባለው ጠዋት ተከተልኳት። ኒታባማ ዳርቻ ላይ ቅጠሉ እንደ መጋዝ የሆነ ቁጥቋጦ አለ፤ ከሥሩ ገባሁ። እናቴ ከቆርቆሮው ዳስ ስትወጣ መጀመሪያ አላወቅኳትም። ከአንገቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጥቁር ላስቲክ ተወጥሮባታል፤ እግሯ የዳክዬ ሆኗል፤ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄደች ነው ውሃው ውስጥ የገባችው። ኩዋባራ እጇን ይዟል። ሁለት እጇን! ወገባቸው ድረስ ገብተው ቆሙ። እናቴ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። እሱ አልጎተታትም፤ እንዲሁ ቆሞ ጠበቃት። ከዚያ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አጋጥሞ ክብ ሠርቶ አሳያት። እናቴ ክቡን ለረጅም ጊዜ አየችው። በስተመጨረሻ እሷም ክብ ሠርታ መለሰችለት።

ቀለበት! ቀለበት ልስጥሽ አላት፤ እሺ አለችው። ልቤ አሸዋው ላይ ተዘረገፈ።

ዛሬ የምተዳደረው ለጠላቂዎች ምሳ በመቋጠር ነው። ያቺን ክብ በቀን ስንት ጊዜ እንደምሠራት አላውቅም። «ደህና ነሽ?» ማለት ናት፤ መልሱም «ደህና ነኝ» ነው። አፍ ውስጥ የአየር ቱቦ ስላለ በጣት ይጠያየቃሉ። የዚያን ጊዜዋ እኔ ግን ይህን አታውቅም። ቁጥቋጦ ሥር ተኝታ እናቷ ስትታጭ አይታለች።

ሁለቱም ከውሃው በታች ጠፉ። ሁለት ቦታ ላይ ነጭ አረፋ ወደ ላይ ይወጣል። አረፋዎቹ ተራርቀው ሄዱ፣ ተቀራረቡ፣ አንድ ሆኑ። እኔም መተንፈስ ተውኩ። ብቅ ሲሉ እናቴ የጨው ውሃ ተፋች፣ አሳለች፣ ከዚያ ሣቀች። ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት ሣቅ ነው።

«ቢጫው ዓሣ! አፍንጫዬ ድረስ መጥቶ አየኝ እኮ! ልክ እንደ እማማ ካማዶ!»

ከሁሉም የከፋብኝ ያ ሣቅ ነው። ቤት ውስጥ አባቴ ከፍየሎች ጋር ተፋጦ ተቀምጦ፣ እሷ በዓሣ ትሥቃለች።

እንግዲህ ሸሚዙ በተሰረቀ ቀን ከዛፉ ላይ የወረድኩት በዚህ ሁሉ ተሞልቼ ነው። ለሌላ ወንድ የባልሽን ሸሚዝ! እሱ የራሱ የለውም? ወደ ጓሮ ሮጥኩ። አባቴ ከተለመደው ቦታው ነበር፤ አንዲት ፍየል እጅጌውን ታኝካለች፣ እሱ አይከለክላትም።

«አባዬ፣ እማዬ ሸሚዝህን ወሰደችው።»

ዓይኑን ከፍየሎቹ ላይ አላነሣም።

«ለዚያ ቅንድብ ለሌለው ሰውዬ ልታለብሰው ነው። እጇንም ይይዛታል። ቀለበትም ሊሰጣት ነው። ኦሳካ ሊወስዳት ነው።»

እጅጌውን ከፍየሏ አፍ ቀስ ብሎ አወጣ። «የቱን ሸሚዝ?»

ድምፁ እንደ ዛገ ማጠፊያ ነበር።

«ሰማያዊ መስመር ያለውን።»

«የት ነው የወሰደችው?»

«ኒታባማ። ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚጠልቁት።»

ተነሣ። ሳይደገፍ፣ ሳያቃስት፣ ብድግ አለ። ቅናት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከረጅም ዓመታት በኋላ ነው ነገሩን ደጋግሜ ሳስበው የገባኝ፤ ቅንድብ የሌለው ሰውዬ ስል አልተነሣም፣ ቀለበት ስል አልተነሣም፣ ኦሳካ ስል አልተነሣም። ኒታባማ ስል ነው የተነሣው። እሱ እስኪሞት ድረስ «መረቤን ለማየት ነበር የሄድኩት» ይል ነበር። ያን ጊዜ መረብ አልነበረውም።

አንድ እግሩ ላይ የእናቴን ጫማ አድርጎ ነበር የሚሄደው። እኔ ከኋላ ከኋላ እሮጣለሁ። ሲጣሉ ማየት ፈልጌ ነበር፤ ደግሞ ፈራሁ።

ዳርቻው ላይ የጠበቅኩት አልነበረም። እማማ ካማዶ ከጥላዋ ሥር ተቀምጣለች። የአባቴ ሸሚዝ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል፤ እጅጌዎቹ እንደ ተኛ ልጅ ክንድ ደረቱ ላይ ተጣጥፈዋል። አጠገቧ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ አለ። ሸሚዙን ማንም አልለበሰውም።

«መጣህ?» አለችው። «ማንም አልጠራህም እኮ።»

«ሃትሱ የት አለች?» አለ፤ እናቴን ነው።

በአገጯ ወደ ባሕሩ አመለከተች። ሁለት ቦታ አረፋ ይወጣል።

የአባቴ ፊት ተቀያየረ። «ማን ነገራት?»

እማማ ካማዶ ከቅርጫቷ አንድ ነገር አውጥታ ሸሚዙ ላይ አስቀመጠችው። ከእንጨት የተጠረበ የጠላቂ መነጽር ነው፤ አያቴ የሠራለት፣ አንድ ዓይኑ ላይ ቀይ ክር የተጠመጠመበት። ውጭው ሰርጥ፣ ጥልቁ ውስጥ ጠፋ የተባለው መነጽር። የፎጣው ቀይ ክር።

ነገሩ እንዲህ ነበር፤ በኋላ በቁርጥራጭ ነው የሰማሁት። አባቴ በዚያን ቀን ከዓሣ ተመልሶ ሲያልፍ፣ በሕፃናት ገንዳ ውስጥ አንድ ኦክቶፐስ ኮራል ሥር ሲገባ አየ። እጁን ከተተ። ኮራሉ እጁን ይዞ እምቢ አለ። ያ ሳንባው ከጀልባ የሚሰፋ ሰው፣ ፀሐይዋ ከራሱ በላይ ቁልጭ ብላ እየታየችው፣ ከቶኪዮ የመጡ ጸሐፊዎች በሚሥቁበት ውሃ ውስጥ ሊሞት ደረሰ። እጁን መንጭቆ ሲወጣ ቁስሉንም መነጽሩንም አላሰበም። ይህን ወደቡ ላይ እንዴት ያውራው? ስለዚህ ቦታውን ለወጠው። ነፍሱን ፍለጋ ሰው ሁሉ ወደ ተሳሳተ ባሕር ሄደ፤ እሱም አብሯቸው ጀልባ ላይ ተቀምጦ ሄደ። ኩዋባራ መነጽሩን ከኮራሉ ሥር ባያገኘው ኖሮ ዛሬም ያ ባልዲ ውሃ ከቤታችን ጥግ ይኖር ነበር።

አባቴ መነጽሩን አየና ዞረ። ሊሄድ ነው።

«ሂድ፣ ሂድ» አለች እማማ ካማዶ። «ፍየሎቹ ይናፍቁሃል።»

ይህን ጊዜ እናቴ ብቅ አለች። በእንፉቅቅ ነው የወጣችው ማለት ይቻላል፤ ሲሊንደሩ እየጎተታት፣ አንድ እጇን ጨብጣ። አባቴን አየችና ውሃው ውስጥ እንዳለች ቆመች። አባቴ ኩዋባራን አየው።

«አንተ ምን አይተሃል?» አለው።

«እኔ? መነጽር» አለ ኩዋባራ። «ማዕበል የፈለገበት ይወስደዋል።»

«ኒታባማ ማዕበል የለውም።»

«እንግዲያው ዓሣ ነው የወሰደው።»

ያኔ ነው ቅንድብ የሌለው ሰው ሲዋሽ በምን እንደሚታወቅ ያየሁት። ጆሮው ይቀላል።

«አምጪ፣ ልጄ» አለች እማማ ካማዶ። እናቴ መጥታ ጭብጧን ከፈተች። ሁለት ጠጠር።

«ሦስተኛውስ?»

«ወደቀብኝ» አለች እናቴ። ዓይኗ አባቴ ላይ ነው። «አየሬም አልቋል።»

ኩዋባራ የእናቴን የአየር መለኪያ ቀና አድርጎ አየ። አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። ከዚያ፣ «እኔ ገብቼ ላምጣ» አለ።

«አንተ የዚያ ቤት ሰው ነህ?» አለችው እማማ ካማዶ። «በሁለት ጠጠር የምትመለስ ነፍስ ደግሞ አላውቅም። ግማሹ ይቀራል።»

እኔ ጫማዬን ማውለቅ ጀመርኩ። ከባድ እጅ ራሴ ላይ አረፈና መልሶ አስቀመጠኝ። አባቴ ነው። ከሸሚዙ ላይ መነጽሩን አነሣ። ምራቁን መስታወቱ ላይ ተፍቶ በአውራ ጣቱ አሸው፤ ዱሮ ባሕር ሲገባ እንደሚያደርገው። የእናቴን አንድ ጫማ አውልቆ ገባ።

ያለ ሲሊንደር የገባ ሰው አረፋ የለውም። ውሃው ተዘጋና እንደ ተነጠፈ ጨርቅ ሆነ። እማማ ካማዶ ሸሚዙን አቅፋ፣ «ና ሴይቶኩ፣ ና፣ ሩዙ እየቀዘቀዘ ነው፣ ና ቤት እንግባ» ትላለች። እናቴ ላስቲኩን ሳታወልቅ ቆማ የእጅ ጓንቷን ትነክሳለች። ቆየ። ኩዋባራ አንድ እርምጃ ገባ። ቆየ። ሁለተኛ እርምጃ ገባ። እናቴ ክንዱን ያዘችው። «ተወው» አለችው። እኔም በዚያች ሰዓት፣ ክንዱን ስትይዘው እያየሁ፣ ምንም አልተጠራጠርኩም።

ውሃው ፈነዳ። አባቴ ወጣ። በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ያቀፈው ድንጋይ የጎመን ጥቅል ያህላል፤ አረንጓዴ ሣር አንጠልጥሏል፤ አንዲት ሸርጣን ከላዩ ትሮጣለች።

«ጠጠር እኮ ነው የተባልከው!» ብላ ጮኸች እማማ ካማዶ።

አባቴ ድንጋዩን አሸዋው ላይ ጣለው። እያለከለከ ነው።

«ለእኔ ነፍስ» አለ፣ «ጠጠር ይበቃል?»

እናቴ አሸዋው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ስትሥቅ ይሁን ስታለቅስ ከጀርባዋ አልለየሁትም። እርጥብ ገላው ላይ ሸሚዙን ያለበሰችው እሷ ናት። አንድ ቁልፍ ዘላ ቆልፋዋለች፤ ማንም አላረማትም። ያን ድንጋይ በሸሚዝ መጠቅለል ስላልተቻለ አባቴ ራሱ ተሸክሞት ቤት ገባ። እስኪመሽ ድረስ በወሬው ኦክቶፐሱ ሁለት ጀልባ አክሎ ነበር።

ሳህኑን ከቤቱ ሥር በሚቀጥለው ቀን አውጥቼ አጠብኩት።

ኩዋባራ ኦሳካ አልተመለሰም። ዛሬ የግድግዳ ጎረቤቴ ነው፤ ቅንድቡ አሁንም አልበቀለም። ድንጋዩ ምሳ የምሸጥበት ዳስ ደጃፍ ላይ አለ፤ ጠላቂዎች ጫማቸውን ያራግፉበታል። አባቴን የቀበርን ዕለት ማታ፣ የሩዝ አረቄውን ከቀመሰ በኋላ ኩዋባራ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ሱሚዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ? የዚያን ቀን የእናትሽ ሲሊንደር ግማሽ አየር ነበረው።»

«ምን?»

«ማታ የላስቲክ ልብሷን ሳጥበው ደግሞ ከእጅጌው ጠጠር ወደቀ። ሦስቱንም ስታነሣ አጠገቧ ነበርኩ።»

እናቴ አሁን ሰማንያን አልፋለች፤ ጆሮዋ ከብዷል፤ ለማትፈልገው ነገር ደግሞ ጭራሽ አይሰማም። ባለፈው ሳምንት ዳስ ውስጥ ሩዝ ስትጠቀልልልኝ አፍጥጬ አየኋት።

«እማዬ፣ የዚያን ቀን ስንት ጠጠር ነበር ያነሣሽው?»

«ኧ?»

«ጠጠሩ! ስንት ነበር?»

ሩዙን አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ ጠረገች። ከዚያ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አጋጥማ ክብ ሠራችና በመሃሉ በአንድ ዓይኗ አየችኝ።